የአንድ ጋት ርቀት

ጥር 6

ስልሳው ሌንስ አልሆነኝም።

ሰላምታውን ከኋላ ስላመጣሁት ይቅር በይኝ፣ እታለም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ተቀይሜም አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። ጠፋሁ፣ በቃ።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ሠርግ ማንሳት ትቻለሁ። ከእንስሳት ክሊኒክ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ይዣለሁ። ሰዎች ለሕክምና የሚያመጧቸውን ትናንሽ የቤት እንስሳት አነሳላቸዋለሁ። ጥንቸል፣ ኤሊ፣ ካናሪ ወፍ፣ ሐምስተር። ሐምስተር አይተሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ከአይጥ ወፈር የምትል፣ ጭራዋ ያለ የማይመስል፣ ያገኘችውን ጥሬ ሁሉ ጉንጯ ውስጥ ጠቅጥቃ የምትዞር ፍጥረት ናት። ሠርግ ላይ እንደሚመጡ አንዳንድ ዘመዶች።

ስልሳ ሚሊሜትሩን ማክሮ፣ ያን ከቅርብ ማንሻ ሌንስ፣ የገዛሁት አንቺን ሳልጠይቅ ነው። ቀላል ነው፣ ኪስ ይገባል ብዬ። አሁን ጉዱን አየሁት። ፊቷ ፎቶውን እንዲሞላ ስፈልግ የሌንሱ አፍ ከአፍንጫዋ አንድ ጋት አይርቅም። ጥላዬ ይሸፍናታል፣ ትንፋሼ ይደርስባታል፣ ትሸሻለች። ዓይኗ ሲጠራ ደግሞ ጆሮዋ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። መቶ ልግዛ ወይስ ሁለት መቶ? እኔ የምፈልገው ራቅ ብዬ የምቆምበትን ነው።

ሁለት ፎቶ ልኬልሻለሁ። ጡረታ የወጡ የአንዲት አዋላጅ ሐምስተር ናት፤ ጉንጬ ይሏታል። አንደኛው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት የተነሳ ነው። ሁለቱም በስልሳው ነው። አዋላጇ አንድ ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሌላው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ እስከ የካቲት 3 እንዳይገለጥ ብሏል። ሐምስተር ከሁለት ዓመት ብዙም አታልፍም፤ ጉንጬ ሁለቱን ጨርሳለች። «ሳትሞትብኝ በትልቁ አስቀርልኝ፤ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው» ብለው የበር ግማሽ የሚያህል ፎቶ አዘውኛል።

በማጉያሽ እይልኝና ጭጋጉ ከሌንሱ ይሁን ከእኔ ፍረጂ።

ወንድምሽ


ጥር 11

ቸኩሌ፣

ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን ይራገማል፣ እኔ እወጣዋለሁ፤ እንዲህ ተስማምተን እየኖርን ነው። «ጠፋሁ፣ በቃ» ትለኛለህ። የሚጠፋው ዕቃ ነው። ሰው ሲጠፋ የሚሸሸው ነገር አለ። ለጊዜው ልተውልህ።

ወደ ጥያቄህ። እዚህ ጥገና ቤት በሳምንት አሥር ሌንስ እፈታለሁ፤ ስለዚህ ከሻጭ ይልቅ እኔን እመነኝ። ጭጋጉ ከሌንሱ አይደለም። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፊቷን በአንድ መጠን እስካነሳሃት ድረስ፣ በስልሳም አንሳት በመቶ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋት ያው ነው። ጭጋግ የሚቀንሰው የሌንሱን ቀዳዳ ስታጠብ ነው። የቀዳዳውን ቁጥር ኤፍ አሥራ አንድ ላይ አድርገው፤ ካልበቃህ እስከ አሥራ ስድስት ሂድ። ከዚያ ካለፍክ ሁሉም ነገር ይለሰልስብሃል። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ያንስሃል፤ ፍላሹን ወደ ጎን አዙረህ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው። ዓይኗ ላይ አትተኩስባት።

መቶው የሚሸጥልህ ርቀት ብቻ ነው። ስልሳው ጋት የሚሰጥህን እሱ ስንዝር ጎደል ያደርግልሃል። ለሐምስተር ይበቃል። ሁለት መቶው የበለጠ ያርቅሃል፤ ግን እንደ ጡብ ይከብዳል። አንተ መቆሚያውን እስክትተክል እንስሳዋም ጡረታ ትወጣለች። መቶውን ግዛ። ያገለገለ ከሆነ ወደ መብራት አቅንተህ ውስጡን እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ መልሰህ ስጠው።

አንድ ነገር ቀረ። ሁለተኛዋ ማን ናት?

በመጀመሪያው ፎቶ የሱፍ ፍሬ በሁለት እጇ ይዛለች፤ የፊት እግሯን ማለቴ ነው። ቀኙ አራት ጣት አለው፣ ግራው ሦስት። በሁለተኛው ፎቶ አራት፣ አራት ነው። ስልሳውን አትማው፤ ጥፍሯ እንኳ ይቆጠራል።

እኅትህ


ጥር 16

እታለም፣

እንደምን አለሽ? እዚህ ብርዱ በርትቷል። ስለ ቀዳዳው የነገርሽኝን ኤሊ ላይ ሞከርኩት። ኤሊ ጥሩ ደንበኛ ናት፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሐሳቧን አልለወጠችም። ከአፍንጫዋ እስከ ቅርፊቷ ጥርት ብላ ወጣች። ባለቤቷ ተደስቶ ሁለት ወሰደ። ፍላሹ ላይ ያደረግሁት የድሮ ሸሚዜን እጅጌ ነው፤ ተስማምቶታል።

ጣቷን ያልሽው ጥሬው ጋርዶት ነው። አዋላጇ ምግብ ስለቀየሩላት ትንሽ ወፍራለች፤ ወጣት የመሰለችው ለዚያ ነው። እሳቸው ራሳቸው እየተደነቁ ነው። ባለፈው ክሊኒኩ በር ላይ ድምፄን ሰምተው፣ «አንተ ልጅ፣ አንተ ዘንድ ከዋለች ወዲህ እኮ መሽከርከሪያዋ ላይ ስትሮጥ ነው የምሰማት! ፎቶ እንዲህ የሚያድስ ከሆነ እኔንም አንሳኝ» አሉ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ መቶ አግኝቻለሁ፤ ያገለገለ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሻጋታ ያለው ይመስለኛል። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይለቃል?

ወንድምሽ


ጥር 20

ቸኩሌ፣

ሻጋታ በፀሐይ አይለቅም። ተወው።

ወጣት መሰለች አላልኩም። ጣት ነው የቆጠርኩት። ወጣት ያልከው አንተ ነህ።

ካልክ ዘንድ ማጉያዬን መልሼ አወጣሁ። የመጀመሪያዋ ጆሮ ተመልጧል፤ የሁለተኛዋ ጸጉር ለብሷል። የመጀመሪያዋ ጥርስ ቢጫ ነው፤ የሁለተኛዋ ነጣ ብሏል። ጥሬው ጣት ጋረደ እንበል። ጥርስ ያነጣል? መላጣ ያበቅላል? የሚያበቅል ከሆነ ለባለቤቴ አንድ ኩንታል ላክለት።

ልጅ ሆነህ ብርጭቆ ሰብረህ ከጎረቤት በወሰድከው የተካህ ጊዜ፣ እናታችን ቆጥራ ስድስት አገኘችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጎረቤቶቻችንም ቆጠሩ። አምስት ሲሆንባቸው ልጃቸውን ሲመቷት በግድግዳው ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል። ያኔ ዝም አልኩልህ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜን መውደድ ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ደብዳቤህ ስለ ሌንስ እንዳይሆን።

እኅትህ


ጥር 24

እታለም፣

ጉንጬ ሞታለች። ፍሪጅ ውስጥ አስገብቻት።

አዋላጇ ለዓይናቸው ሆስፒታል ሲተኙ አደራ ብለው እኔ ዘንድ ትተዋት ሄዱ። ታኅሣሥ 28 ነው። ትልቁን ፎቶ ተመልሰው እስኪመጡ ላደርስላቸው ፈለግሁ። በማግስቱ ከንጋት ጀምሬ ተኮስኩ። ያገኘሁት የምትሸሽ ጀርባ ብቻ ነው። ስጠጋት ትሸሻለች፤ ካልተጠጋሁ ስልሳው አያነሳትም። ያኔ አንቺ ሙዚየም ስትሠሪ ያጫወትሽኝ ትዝ አለኝ። ጢንዚዛዎቹን ከማንሳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ፍሪጅ እንደምታስቀምጧቸው፣ ቀዝቅዘው ዝም እንደሚሉላችሁ።

በፎቶ ወረቀት ካርቶን አድርጌ አስገባኋት። አምስት ደቂቃ ብዬ። በሩ ተንኳኳ፤ ጥንቸል ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ጥንቸላቸውን አነሳሁ። ከዚያ ሌላ አቀማመጥ አሉ፣ ያንንም አነሳሁ። ሲሄዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል። ተጠቅልላ ድንጋይ ሆናለች። በስሟ ጠራኋት። በጣቴ ነካኋት። ጢሟ አልተንቀሳቀሰም።

ሐኪሙ ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ሲያስል እሰማዋለሁ። አልጠራሁትም። ቢመጣ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘች ይለኛላ።

በወረቀት ጠቅልዬ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኳት። መኪናው በስድስት ሰዓት መጥቶ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ እንስሳት የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄጄ የምትመስላትን መረጥኩ። መልኳን፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን መስመር፣ ሁሉን አስተያይቻለሁ። ጣት መቁጠር አልመጣልኝም። በሁለተኛው ፎቶ አንስቼ የላክሁልሽም እሷን ነው። ለምን ሁለቱን አብሬ እንደላክሁ አትጠይቂኝ።

አዋላጇ ዓይናቸው ታስሮ መጡ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ እንደ ሕፃን መዘኗት፣ «ኪሎ ጨመረች፤ እግዜር ይስጥህ» አሉ።

አንዳንዴ ያወቁ ይመስለኛል። ያን ሁሉ ሕፃን የተቀበለ እጅ እንዴት አያውቅም? ካወቁ ደግሞ ዝም ያሉት ይቅር ብለውኝ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አሁን መናገሬ ምን ይጠቅማቸዋል? አሮጊት ሴት ማስለቀስ ነው።

እስከ ዛሬ እውነቱን ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ሦስቱንም ደብዳቤሽን ግን አንብቤያለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ከፈትኩት። የፈታሁት ሌንስ ብሎኖች ከእጄ ተበተኑ፤ አንዷን እስካሁን አላገኘኋትም።

መጀመሪያ የእኔን ልናገር። ጢንዚዛ የራሱ ሙቀት የለውም። ክፍሉ ሲበርድ ይበርዳል፣ ሲሞቅ ይሞቃል። ጡት የምታጠባ እንስሳ እንዲያ አይደለችም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነበርኩ፤ ያጫወትኩህ ግን ዘዴውን ብቻ ነው፣ እራት ላይ፣ ላስቅህ ብዬ። የእኔ ድርሻ ይሄ ነው። የቀረው ያንተ ነው፤ አላካፍልህም።

ከፍሪጁ ካወጣሃት በኋላ ምን ያህል ጠበቅህ?

ተወው። አትመልስልኝ።

«አውቀው ይሆናል» የምትለውን ግን አላልፍልህም። የራስህን ሸክም እሳቸው ላይ ጭነህ፣ ያውም ሳትነግራቸው፣ ተኝተህ ማደር ትፈልጋለህ። ያወቁ እንደሆነ ያንተ ሥራ ገና አልተጀመረም፤ ያላወቁ እንደሆነም እንደዚያው ነው። «አሮጊት ማስለቀስ ነው» ብለህ ደግሞ አዛኝ አትሁንብኝ። እሳቸው ሲያለቅሱ እዚያው ቆመህ ማየቱን ነው የፈራኸው።

ስለ ትልቁ ፎቶ፦ የመጀመሪያውን አሳድገው። ጆሮዋ ጭጋግ ውስጥ ቢሆንም እሷ ናት። ግን ሳትናገር እንዳትሰጣቸው። ዓይናቸው ሲገለጥ ከፎቶው ወደ ሽቦ ቤቱ፣ ከሽቦ ቤቱ ወደ ፎቶው እያዩ ራሳቸው እንዲደርሱበት አታድርግ። ያን ቀን ያንተን ነውር ለማየት አይደለም ዓይናቸውን ያስቀደዱት።

አምስት ቀን አለህ። ፖስታው ሁለቱን ይበላዋል።

እኅትህ


የካቲት 2

እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ሌንስ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ያኛው ሻጋታ ስለነበረበት ሌላ መቶ ሊያመጣልኝ ፎቅ ላይ ወዳለው ዕቃ ክፍል ወጥቷል። ምላሱ አያርፍም። «ይቺ ሌንስ ማለት ጌታዬ፣ ለቁንጫ የመታወቂያ ፎቶ ታነሳለች!» ይለኛል። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለሐምስተር አልኩት።

«አይጥ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ይቺኛዋን ሰው ይወዳታል።»

«አሃ፣ እንደ ሌባና እንደ ነጋዴ ነዋ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

አልነገርኳቸውም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ደወሉን ነክቼ፣ የእግራቸውን ኮቴ ስሰማ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው መጡ፤ ጎረቤታቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ የሽቦ ቤቱን በፎጣ ሸፍነው። ነገ ፋሻው ይፈታል፤ ፎቶው ደርሶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳድጌዋለሁ፣ የመጀመሪያውን፣ እንዳልሽኝ። ከበሩ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜዋለሁ። እኔ ግን ምን አልኩ? «አንድ ጊዜ ልድገማትና፣ እማማ፤ ነገ ጠዋት ይደርሳል» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

«እንግዲያው ትዋልልህ» አሉ። «ክፍልህ ግን ትበርዳለች። ግራ እጇን አደራ አትንካባት። አልጋዋ ላይ የነበረ ክር ተጠምጥሞባት ጣቷ የወደቀው እዚያ ነው፤ ብርድ ሲሆን ያማታል።»

አላወቁም፣ እታለም። «አውቀው ይሆናል» የምትለዋን ይዤ ነበር አንድ ወር ሙሉ የተኛሁት።

ሊወጡ ተነስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መደርደሪያው ነበር። «ደግሞ ብርድ መትቷት ብትደርቅብህ አትደንግጥ» አሉኝ። «አምና አንድ ጠዋት ተጠቅልላ፣ ድንጋይ ሆና፣ ትንፋሽ የላትም። ጎረቤቴ እንቅበራት አለች። እኔ ሞቷል የተባለ ሕፃን ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ፣ ዝም ብዬ እቀብራለሁ እንዴ! ጡቴ ሥር አድርጌያት ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ግድም ሲሆን ጢሟ ኮረኮረኝ። ሲበርዳቸው እንዲያ ይተኛሉ፤ ሲሞቃቸው ይነሳሉ። ታገሳት ብቻ።»

ጎረቤታቸው፣ «እውነታቸውን ነው፣ ዓይኔ እያየ ነው የተነሳችው» አለች።

«እሺ፣ እማማ» አልኩ።

አትመልስልኝ ያልሽኝን ልመልስልሽ። አሥር ደቂቃ ነው የጠበቅኋት። አሥርም አይሞላም። በአራት ሰዓት ነው የጣልኳት፤ መኪናው የመጣው በስድስት ነው። በዚያ ሁለት ሰዓት በርሜሉ ፀሐይ ላይ ነበር። ከመስኮቴ ይታያል። መጋረጃውን ዘግቼ ነበር።

እንዲያ እንደሚተኙ አንቺ ታውቂ ነበር። ለዚህ ነው ጠይቀሽ የተውሽው። ስላልነገርሽኝ አልቀየምሽም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ትንሿን፣ የገዛኋትን፣ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጥልኝ አልኩት። ምን ሆና ነው አለኝ። እሷ ምንም አልሆነችም አልኩትና ወጣሁ። ከዚያ እግሬ ወዴት ያመጣኝ ይመስልሻል? ወደዚህ። ያን ሁሉ ሰምቼ ሌንስ ልገዛ መጣሁ። ቀዳዳውን አሥራ አንድ ላይ አድርጌ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጆሮዋ አጥርቼ፣ የሌላ እንስሳ ፎቶ ነገ ጠዋት በእጃቸው ልሰጥ። ወንበሩ ላይ እስክቀመጥና ይህን መጻፍ እስክጀምር ድረስ የማደርገው ይሄ መሆኑን አላየሁትም።

ሻጩ ከላይ ይጮኻል፤ «አገኘኋት ጌታዬ! አቧራዋን ብቻ ልጥረግላት!» ይላል።

ቤታቸው ከዚህ ሁለት መንገድ ነው። በዚህ ሰዓት ብቻቸውን ናቸው፤ ጎረቤታቸው ሥራ ትገባለች። የምናገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ፦ «እማማ፣ ጉንጬን ሞታለች ብዬ ጣልኳት።» ከዚያ ወዲያ ያለውን አላዘጋጀሁም።

ሻጩ ደረጃውን እየወረደ ነው። ሊያሳየኝ ክዳኗን ሲፈታ ይሰማኛል። ወጣሁ።